ወደ ሩዝ አገር ሄደን ምን ይዘን እንመለስ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባል የጉዞ ዝግጅት ኮሚቴውን ወክላ ያደረገችው ንግግር)



ኮሚቴው ወደ ፎገራ የሚደረገውን ጉዞ እንዲያዘጋጅ በተሰየመ ጊዜ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ሩዝ ከሱቅ እየገዛን የሩዝ ማሳ ለማየት ይህን ያህል መንገድ መሄድ ምን ይረባናል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የዛሬው ንግግሬም በሙሉ ለእርሱ መልስ ነው። መልሱ ካላረካችሁ ጉዞውን መሰረዝ በእጃችሁ ነው።

ከቤታችን ልጀምር። ከመካከላችን ብዙዎቹ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። የጤፍ ዋጋ ሲወጣ የእንጀራውን ዋጋ እኩል መጨመር አይቻልም፤ ደንበኛ ይሸሻል። ስለዚህ አንዷ በቆሎ፣ አንዷ ማሽላ፣ አንዷ ከሱቅ የተገዛ ሩዝ አስፈጭታ ትቀላቅላለች። መቀላቀል በራሱ ነውር የለውም፤ እናቶቻችንም ሰርገኛ ጤፍ ከገብስና ከማሽላ ጋር ይጋግሩ ነበር። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙዎቻችን የሩዙን ጠባይ ሳናውቅ በግምት ስለምንቀላቅል እንጀራው ሲያድር ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ለገዢው አንነግርም። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና ከተሰማ ወዲህ ገዢ ሁሉ ይጠራጠራል። በዝምታ የቀላቀለች ባለሙያ፣ ያገባችው ንጹሕ ሩዝ ቢሆንም እንኳ፣ ከአጭበርባሪዋ ጋር አብራ ትታማለች።

ይህንን ነገር የሚያውቁ ሴቶች አሉ። ያሉትም ደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ወረታ ከተማ ዙሪያ ነው።

ፎገራ ከጥንት የሩዝ አገር አልነበረም። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት፣ ገበሬው ውኃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። የተረፈው ሜዳ በወተቱ ለታወቀው የፎገራ ከብት ግጦሽ ነበር። ሩዝ የገባው በ1970ዎቹ ነው። ያኔ የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሞከሩት። እስከ ዛሬ ገበሬው የሚወደው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው። ጎርፍ ይባል የነበረው ውኃ ለሩዙ ሀብት ሆነለት። ከብዙ ዓመት በኋላ መንግሥት ሩዝን «የሚሌኒየሙ ሰብል» ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል።

አሁን ይህን ታሪክ በሴት ዓይን እንየው። ያኔ ልጃገረድ የነበሩት ዛሬ አያቶች ናቸው። ባሎቻቸው አዲስ እህል ከማሳ ሲያመጡላቸው እናታቸው አላስተማረቻቸውም፤ የእናታቸው እናትም ሩዝ አታውቅም። እንዴት እንደሚፈለፈል፣ እንዴት እንደሚፈጭ፣ ከጤፍ ጋር ስንት በስንት እንደሚቦካ፣ ጠላ ይሆን አይሆን እንደሆነ በየጓዳቸው እየሞከሩ አወቁት። ዛሬ በዚያ አገር ሩዝ እንጀራ ነው፣ ዳቦ ነው፣ ጠላና አረቄም ነው። እኛ የምንሄደው እንግዳ እህልን በአንድ ዕድሜ ቤተኛ ካደረጉ ሴቶች ለመማር ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ።

ስለዚህ ኮሚቴው ጉዞውን ያቀደው ከወጥ ቤቱ ተነሥቶ ነው። አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጊዜው። ሩዝ በሰኔ ተዘርቶ ክረምቱን ውኃ ውስጥ ከርሞ፣ ቢጫ ሆኖ ለማጭድ የሚደርሰው በኅዳር ግድም ነው። በክረምት ከሄድን ጭቃና ጎርፍ ይይዘናል፤ በበጋ ከሄድን ደግሞ ማሳው ታጭዶ ሽንኩርትና ጓያ ይዞ ነው የምናገኘው። በሌላ በኩል እኛም ጤፋችን የሚታጨደው ከኅዳር ወዲያ ነው፤ ማሳ ያላት አባል ያኔ ልቧ አይረጋም። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ የመረጥነው ከኅዳር 1 እስከ 14 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ ሩዙን ቆሞ እናየዋለን፤ ቅቤና ወተቱንም የጾም ጊዜ አይከለክለንም። የረቡዕና የዓርብ ጾም ለሚጾሙትና ሥጋ በየሃይማኖታቸው ሥርዓት ለሚበሉት ሁሉ እንዲመች፣ በጋራ የምናዘው ምግብ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ይሆናል። ሌላውን እያንዳንዷ እንደ ፍላጎቷ ታዛለች።

ቀጥሎ መንገዱ። ከአምቦ አዲስ አበባ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በሱሉልታና በፍቼ አድርገን ጎሐ ጽዮን እንደርሳለን፤ የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ደጀን እንወጣለን። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ደብረ ማርቆስ ነው። ከአዲስ አበባ እዚያ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለተኛው ቀን በእንጅባራና በዳንግላ አልፈን ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር እንገባለን። ወረታ ከባሕር ዳር የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ስለሆነች ሦስተኛውና አራተኛው ቀን የፎገራ ናቸው፤ አዳራችን ግን ባሕር ዳር ነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን በሄድንበት እንመለሳለን። ማታ አንጓዝም፤ ይህ የማይታለፍ ደንብ ነው።

ስድስት ቀን ብሎ ነገር፣ አራቱ መንገድ ላይ ሊያልቅ? የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ለዚህም ነው እዚያ ደርሰን ሁሉንም ለማየት የማንሞክረው። «እዚያ ድረስ ሄደን ጎንደርን ሳናይ?» ተብሎ በብርቱ ተጠይቋል። ኮሚቴው ጎንደርን የተወው ሁለቱን የፎገራ ቀናት ላለመቆራረስ ነው። ጎንደር ሌላ ጊዜ ይጠብቀናል፤ የሩዝ አጨዳ ግን አይጠብቅም።

ሁለቱን ቀናት ላስረዳ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማሳ እንወርዳለን። ሴቶቹ ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን እናጭዳለን። ስለ አረሙም እንጠይቃቸው። ሩዝ በጣም የሚታረም ሰብል ነው፤ የአረሙ ሥራ የሚበዛው ደግሞ በሴቶችና በልጆች ላይ ነው። ወገባቸውን ይዘው ውኃ ውስጥ የከረሙ ሴቶች ሩዙ ሲሸጥ ገንዘቡ እጃቸው ይገባል ወይስ አይገባም? የፎገራ ከብት ግጦሹ ሩዝ ከሆነበት ወዲህ ወተቱስ እንዴት ሆነ? ጥቅሙን ብቻ ሰምተን ከተመለስን ግማሽ ትምህርት ነው የምናመጣው።

ከማሳው ወደ መፈልፈያው እንሄዳለን። ሩዝ ከጤፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ከመፈጨቱ በፊት ቅርፊቱ መውለቅ አለበት። በመፈልፈያው ሙሉው ፍሬ በአንድ በኩል፣ የተሰባበረው በሌላ በኩል ይለያል። የተሰባበረው ዋጋው ዝቅ ስለሚል ለዱቄት የሚመረጠው እርሱ ነው። እኛ ከሱቅ ሙሉ ፍሬ በውድ ገዝተን ስናስፈጭ ምን ያህል እንደምንከስር እዚያ ቆመን እናሰላዋለን። ቅርፊቱና ብናኙ ምን ላይ እንደሚውልም እንይ፤ ከብት የምታደልብ አባል አለችን።

ከሰዓት በኋላው ሙሉ በሙሉ የወጥ ቤት ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ «አይተን እንምጣ» አንበል፤ እጃችን ሊጥ ውስጥ ይግባ። የምንጠይቀውንም ከወዲሁ ጽፈናል። ዱቄቱ ምን ያህል ይልማል? ጤፍና ሩዝ ስንት በስንት ነው? ሩዙ ከጤፉ ጋር አብሮ ይቦካል ወይስ ኋላ ይገባል? ስንት ቀን ያድራል? አብሲት ይጣልለታል? ምጣዱ ከጤፉ ይበልጥ ይግላል ወይስ ይቀንሳል? ዓይኑ እንዴት ይወጣል? ከሁሉ በላይ ግን በማግስቱ እንዴት ነው? ሩዝ ሲበዛበት እንጀራ ትኩሱን ነጭና ለስላሳ ሆኖ አድሮ እንደሚደርቅ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ የጋገርነውን አንበላው፤ ግማሹን በመሶብ ይዘን ባሕር ዳር እናድርና ጠዋት እንፈትነዋለን።

ጠላውንም እናያለን። ጌሾውና ብቅሉ የምናውቀው ነው፤ በሩዝ ሲጠመቅ ምን እንደሚለወጥ የጠላ ነጋዴዎቻችን ራሳቸው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ቀን የአውራ አምባ ነው። አውራ አምባ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ ማኅበረሰብ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ አነሣሽነት የተመሠረተ ሲሆን፣ ወንድና ሴት ሥራ ሳይለዩ በመሥራታቸው በአገር ውስጥም በውጭም ይታወቃሉ። እዚያ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች፣ ሁለቱም ሸማ ይሠራሉ። አቅመ ደካሞችንና አረጋውያንን በጋራ ይጦራሉ። በኑሯቸው ሁሉ እንስማማለን ማለቴ አይደለም፤ ከመካከላችን በሃይማኖት ነገር የማትስማማ ትኖራለች። ግን ሥራቸውንና ገቢያቸውን በጋራ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ፣ ሽመናቸውን ለእንግዳ እንዴት እንደሚሸጡ መጠየቅ ለእንደኛ ዓይነት ማኅበር ትልቅ ትምህርት ነው።

ባሕር ዳር በገባንበት ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዕረፍት አለን። የጣና ዓሣ መብላት፣ የደንገል ታንኳ ሲሠራ ማየት ይቻላል። ገዳማት ለመሳለም የምትፈልጉ፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይሳለሙበታል። ጀልባ ተከፍሎ ደጅ ላይ መቅረት ያሳዝናል።

ጤናን በተመለከተ፣ እኛ ደገኞች ነን፤ ፎገራ ወባ አለበት። ለዚህም ነው አዳራችንን ከሜዳው ያራቅነው። ባሕር ዳርም ቢሆን አጎበር ያለው አልጋ እንጠይቃለን። በሐይቁ ዳር ባዶ እግር ውኃ ውስጥ አንገባም፤ ማሳ ስንወርድ ቦቲ እናደርጋለን። ከተመለስን በኋላ ትኩሳት የያዛት ሁሉ ለሐኪም «ፎገራ ሄጄ ነበር» ማለት አትርሳ።

አሁን ስለ ገንዘቡ፣ በተለይ ደጋፊዎቻችን እንድታውቁት። ለዚህ ጉዞ ከተዘዋዋሪው የብድር ገንዘብ አንድ ብር አይነካም። ለሥራ ማስፋፊያ ከተሰጠንም አይነካም። ለጉዞው ለብቻው ደብተር ይከፈታል። ከየቡድኑ ሁለት ሴቶች ይመረጣሉ፤ የቡድኑ አባላትም ለሁለቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ሁለት መሆናቸው በምክንያት ነው። አንዷ በመጋገር የታወቀች ትሁን፣ ሌላዋ ሰምታ መጻፍ የምትችል። ቋንቋ የሚቸግራት እናት ብትመረጥም ጓደኛዋ ታስተረጉምላታለች፤ በአማርኛ አለመድፈር ከጉዞው ሊያስቀር አይገባም። የሚሄዱት ቤትና ልጅ አላቸው፤ ቡድኑ ለስድስቱ ቀን በደቦ ልጆቹን ይጠብቃል፣ ሱቋንም ይከፍታል። ይህ ካልተደራጀ የምትሄደው ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ረዳት ያላት ብቻ ትሆናለች።

ወጪው የኮስተር ኪራይና ነዳጅ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ እንዲሁም የአስተማሪዎቻችን ክፍያ ነው። አራተኛው ላይ ክርክር ነበረብን። «የአበሻ ቤት ገብቶ ለበላንበት መክፈል ስድብ ነው» ያሉ ነበሩ። ለግብዣ መክፈል ስድብ ነው፤ ለሙያ መክፈል ግን ክብር ነው። እነዚያ ሴቶች ከአጨዳ ቀናቸው አንዱን ትተው፣ ዱቄታቸውንና ማገዷቸውን አውጥተው ነው የሚያስተምሩን። ስለዚህ ክፍያውን ቀድመን እዚያ ካለ የሴቶች ማኅበር ጋር እንነጋገርበታለን፤ በዕለቱ በየጓዳው ብር መዘርጋት አይኖርም። ከዚያ ውጭ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ጭኮ መንገድ ላይ የማይበላሽ የኛ ስንቅ ነው፤ ከወንጪም ማር እንይዛለን።

በመጨረሻ የሚከብደውን ልናገር። እኛ በምዕራብ ሸዋ የምንኖር ሴቶች መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል የሚነግረን አያስፈልገንም። ወደ ጎጃምና ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድም ያለፉት ዓመታት እንዴት እንደነበሩበት ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቀኑን ዛሬ አንቆርጥም። ገንዘቡ ይጠራቀማል፣ ደብዳቤው ለምርምር ማዕከሉና ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ይጻፋል፣ ተጓዦቹም ይመረጣሉ። ከመነሣታችን በፊት በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችንና እዚያ ያሉትን አስተናጋጆቻችንን እንጠይቃለን። ሁለቱም «ኑ» ካላሉ አንነሣም። ኅዳር ካለፈን ገንዘቡ ለሚቀጥለው ኅዳር ይቆያል፤ ለሌላ ነገር አይውልም። ጥቂት ሰዎች በአውሮፕላን ልከን ሪፖርት እንስማ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ኮሚቴው አልደገፈውም፤ ሊጥ በሪፖርት አይቦካም።

ቀኑን እየጠበቅን ግን ዝም ብለን አንቀመጥም። ከዛሬ ጀምሮ የምትመረጥ ሁሉ በቤቷ ሦስት ዓይነት ትጋግራለች፤ ጤፍ ብቻ፣ ጥቂት ሩዝ ያለበት፣ ግማሽ በግማሽ። በመጀመሪያው ቀንና በማግስቱ ለቡድኗ ታቀምሳለች፣ ወጪዋንም ትጽፋለች። ያኔ ፎገራ ስንደርስ «እንዴት ትጋግራላችሁ?» ብለን አንጠይቅም፤ «እኔ እንዲህ አድርጌ እንዲህ ሆነብኝ፣ ለምን?» ብለን እንጠይቃለን። ባለሙያ ለባለሙያ የምትመልሰው እንደዚህ ያለውን ጥያቄ ነው።

ከተመለስን በኋላ ደግሞ ተጓዦቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ በየቡድናቸው ያሳያሉ። ከዚያም ኮሚቴው አንድ ውሳኔ እንዲጸድቅ ይጠይቃል፤ ከማኅበራችን አባል የሚገዛ እንጀራ ሁሉ ምን እንዳለበት ይነገርበት። ጤፍ ከሆነ ጤፍ፣ ጤፍና ሩዝ ከሆነ ጤፍና ሩዝ ተብሎ በመሸጫው ይጻፍ፣ ዋጋውም ይለይ። ጤፍ ከነጭ ሩዝ የበለጠ ብረት አለው፤ ነፍሰ ጡር እናትና የስኳር ሕመምተኛ የሚበሉትን ማወቅ መብታቸው ነው። ደንበኛ ይሸሻል ብላችሁ አትፍሩ። ለስላሳ ሆኖ የሚያድር፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ፣ ስሙም በግልጽ የተጻፈ እንጀራ ገዢ አያጣም።

እናቴ፣ ያንን ጥያቄ የጠየቁት፣ መልሴ ይኸው ነው። ሩዙንማ እዚሁ ሱቅ እናገኘዋለን። እዚህ የሌለን እርሱን ጋግሮ በግልጽ የመሸጥ ሙያ ነው።

አሁን እጅ በማውጣት ትወስኑ ዘንድ ሦስት ጉዳዮች ቀርበዋል፤ የጉዞ ደብተሩ መከፈት፣ ከየቡድኑ ሁለት ተጓዦች መምረጥ፣ እና የመሸጫው ጽሑፍ። ተቃውሞ ያላት ሳትፈራ ትናገር።